ፍሪጁ የት ይቁም? ከጎንደር ጓዳ እስከ ግድግዳው ውስጥ

እስቲ በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። በጎንደር ቤት ውስጥ ፍሪጅ ዕቃ ብቻ አይደለም። ሳሎን ውስጥ ከቡፌውና ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፤ አናቱ ላይ ዳንቴል ይለብሳል፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ወይም የልጅ የምረቃ ፎቶ ይሸከማል። ለእንግዳው ለስላሳ ሊወጣ በሩ ሲከፈት መብራቱ ቦግ ይላል፤ እንግዳው በጎን አየት ያደርጋል፤ ባለቤቲቱም እንዳየ ታውቃለች። እንዲህ እያልን አደግን።

አሁን ደግሞ ሌላ ዘመን መጣ። በየሞባይሉ የምናየው ወጥ ቤት ፍሪጅ የለበትም። ማለት አለበት፤ ግን አይታይም። እንደ ካቢኔቱ ዓይነት በር ተለጥፎበት ከግድግዳው ጋር ተስተካክሏል፤ የትኛው በር ቢከፈት ወተት፣ የትኛው ቢከፈት ሰሃን እንደሚወጣ የሚያውቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ‹‹ቢልት-ኢን›› ይሉታል፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ ለማለት። እኛም ዘንድ ኮንዶሚኒየም የደረሰው፣ አዲስ ቤት ያሠራው፣ ሠርግ የቀረበለት ሁሉ አናጢ ጠርቶ ስልኩን እያሳየ ‹‹ይሄን የመሰለ ሥራልኝ›› ማለት ጀምሯል። አናጢውም ‹‹ችግር የለም›› ይላል። አናጢ መቼ ችግር አለ ብሎ ያውቃል?

እውነተኛው ቢልት-ኢን ፍሪጅ ራሱን የቻለ ማሽን ነው፤ ዋጋውም ራሱን የቻለ ነው። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እንዴት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አብዛኞቻችን የምንመኘው መልኩን ነው፤ ያለንን ተራ ፍሪጅ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ማስመሰል። ይቻላል፤ በትንሽ ገንዘብም ይቻላል። አሠራሩን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ፍሪጃችን መጀመሪያውኑ ሳሎን ምን ሊሠራ ገባ? (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳንደናገር።)

የተለመደው መልስ ‹‹ለጉራ ነው›› የሚል ነው። ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ያለው ማድቤት ውስጥ ነው። የደጋ ሰው ማድቤት ከቤቱ ተነጥሎ ጓሮ ውስጥ የሚቆም ነገር ነበር፤ በብዙ ሰፈር ዛሬም እንደዚያው ነው። እንጀራ በእንጨትና በኩበት ሲጋገር የሚወጣውን ጭስ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ግድግዳው ጥላሸት፣ ጣሪያው ጥላሸት፣ የመብራት ሶኬት የሚባል ነገር የለ። እዚያ ውስጥ ነጭ ፍሪጅ ማን ያስገባል? ቤት ውስጥ ሶኬት ያለበት፣ ወለሉ ሊሾ የሆነበት፣ ጭስ የማይደርስበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሳሎን። ፍሪጁ ሳሎን የገባው ቤት ስላጣ ጭምር ነው። ጉራው ቀስ ብሎ ተከተለው።

እንግዲህ የተደበቀ ፍሪጅ ከመመኘታችን በፊት ሌላ ታላቅ ለውጥ መምጣት ነበረበት፤ ማድቤቱ ወደ ቤት መግባት። የኤሌክትሪክ ምጣድና የኤሌክትሪክ ምድጃ ባይኖሩ ካቢኔትም የለም፣ የሚደበቅ ፍሪጅም የለም። ይሄን የሚያህል ለውጥ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሲጻፍ አላየሁም። ስለ ነገሥታቱ ጦርነት ሲሆን ሞልቷል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ከግድግዳ ጋር አብሮ የተሠራ ዕቃ ለእኛ አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። ከከተማው ወጥታችሁ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ስትወጡ የምታገኙት የቆየ የጭቃ ቤት ወንበርና አልጋ በብዛት አይገዛም ነበር። መደብ ነበረዋ! ግድግዳው ሲመረግ አብሮ የተነሣ፣ በጭቃ የተለሰነ፣ ላዩ ላይ ቁርበት የሚነጠፍበት፤ ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት መኝታ። ሶፋና አልጋ በአንድ፣ ከቤቱ ጋር የተወለደ። አንድ የአውሮፓ ዲዛይነር ዛሬ ቢሠራው መጽሔት ላይ ያወጡት ነበር። እኛ ግን መደብን የድህነት ምልክት አድርገን ከከተማ ቤታችን ቆፍረን አወጣነው፤ በምትኩም እንደ ግንብ የከበደ ሶፋ አስገብተን መተላለፊያ አጣን።

ጎታውም እንደዚሁ ነው። ጭቃ ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ በእጅ እየተደረደረ ይነሣል፤ ደረቅ ብሎ ሲጸና እህል ይሞላበታል፤ ከታች በኩል እህሉ የሚቀዳበት ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ተቀድቶ ሲያበቃ ትደፈናለች። ልብ ማለት ያለብን ግን ጎታው የሚቆምበትን ቦታ ነው። በብዙ ቤት ጎታዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ጓዳውን ከዋናው ቤት የሚለዩ ግድግዳ ይሆኑ ነበር። ግድግዳው ራሱ ጎተራ፣ ጎተራው ራሱ ግድግዳ! እንግዳው መደቡ ላይ ተቀምጦ የሚያየው ልስን ጭቃ ብቻ ነው፤ የዓመት ቀለብ ይኑርበት ባዶ ይሁን አያውቅም። ቢልት-ኢን ማለት ይሄ ካልሆነ ምንድን ነው?

ይሄን የሠሩት እጆች የሴቶች እጆች ናቸው። ጎታ ማበጀት፣ መደብ መለሰን፣ ምድጃ ማቆም የሴት ሥራ ነበር። የወጥ ቤቱን ሸክላ በተመለከተ ደግሞ ከጎንደር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ ትጠቀሳለች፤ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራ ስሟን ያስጠራላት መንደር ናት። የማኅበረሰቡ አብዛኛው ሰው እስከ 1991 ድረስ ወደ እስራኤል ቢሄድም ስሙ ቀርቷል። ታሪክ አጥኚዎች የቤተ እስራኤል ወንዶች ደግሞ በግንበኝነትና በአናጢነት በጎንደር ነገሥታት ግንባታ ላይ መሳተፋቸውን ጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ባለሙያ ‹‹ቡዳ›› ብለን ስንሸሸው ኖረን፣ ግንቡን ግን ‹‹የእኛ ኩራት›› እንላለን።

ያለ ፍሪጅ እንዴት ይኖር ነበር ለሚል ልጅ መልሱ የበሰለው ምግብ ውስጥ ነው። ወጥ ቤታችን ራሱ የማቆያ ጥበብ ነው። ሥጋው ተዘልዝሎና ተቀምሞ ሲደርቅ ቋንጣ ይሆናል። ቅቤው ሲነጠር ውኃውና አሬራው ይወጣለት፣ ቅመሙ ይገባለትና ወራት ይቆያል። እንጀራው ሲተርፍ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። በርበሬና ሽሮ እንኳ የሚደርቁትና የሚፈጩት ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ክረምቱን እንዲያሻግሩ ነው። ወተቱ የሚናጥበትና የሚቀመጥበት ቅል በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ እኛ ለሽታው ብቻ ይመስለናል እንጂ ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። የውኃው እንስራ ደግሞ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እያላበ፣ ላቡ ሲተን ውኃውን ያቀዘቅዛል። ይሄ ፍሪጅ ነው፤ መብራት የማይቆጥር ፍሪጅ።

የአኗኗራችን ሥርዓትም ያግዝ ነበር። በሬ ታርዶ በቅርጫ ለመንደሩ ሲከፋፈል ማንም ቤት ውስጥ የሚበላሽ ሥጋ አይከማችም። ጾም የሚያጠብቅ ክርስቲያን ከዓመቱ 180 የማያንሱ ቀኖችን ከሥጋና ከወተት ርቆ ያሳልፋል። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ገብቶ ያየውን የጥሬ ሥጋ ግብዣ ጽፎ አገሩን ጉድ አሰኝቷል። ግን ነገሩን በማቀዝቀዣ ዓይን ብታዩት አያስገርምም፤ ማቆያ የሌለው ሰው ትኩሱን፣ አሁኑኑ፣ ከሰው ጋር ሆኖ ይበላል። ፍሪጅ ሲመጣ ቅርጫውን ባያጠፋውም፣ ከጎረቤት ጋር መካፈልን ከግዴታ ወደ ፈቃድ የቀየረው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ግንቦቹ እንግባ። ፋሲለደስ በ1632 ነግሦ፣ በ1636 አካባቢ ጎንደርን መቀመጫው ሲያደርግ ያሠራው ግንብ የተነባበረው ከጥቁር ድንጋይና ከኖራ ነው። ኖራው በአባቱ በሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር በመጣ የህንድ ግንበኛ አማካይነት እንደተለመደ ይነገራል። ኖራ ማለት ወፍራም ግድግዳ ማለት ነው፤ ወፍራም ግድግዳ ደግሞ ዕቃ የሚያስቀምጡበት ሆድ አለው። በፋሲል ግቢ ውስጥ ስትዞሩ ዓይናችሁን ከጣሪያው አውርዳችሁ ግድግዳውን እዩ። በድንጋዩ ውስጥ የተተዉ ጉርጓዶች ታያላችሁ፤ ፋኖስ፣ መጽሐፍ፣ ዕቃ የሚያስቀምጡባቸው። አስጎብኚ አጠገባቸው ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ቱሪስቱም ያልፋል። ለእኔ ግን ከአንበሶቹ ቤት ይልቅ እነሱ ደስ ይሉኛል። የንጉሥ ቤትም ቢሆን ሰው የሚኖርበት ቤት እንደነበረ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ግንቡ ስለ ግድግዳ ሌላም ትምህርት አለው። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ግንቦቹን ሲጠግኑ በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ነበር። የኖራ ግድግዳ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ያወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። በ1970ዎቹ እድሳት ወደ ኖራው መመለስ የግድ የሆነው ለዚህ ነው። ‹‹የታፈነ ግድግዳ›› የሚለውን ሐሳብ ያዙልኝ፤ ወደ ፍሪጁ ስንመለስ ያስፈልገናል።

ጣሊያን ጎንደር የገባው በኤፕሪል 1936 መጀመሪያ ላይ ነው፤ የወጣው ደግሞ ጄኔራል ናሲ በኖቬምበር 27 ቀን 1941 እጁን ሲሰጥ። አምስት ዓመት ተኩል ቢሆን ነው። በዚህች ጊዜ ግን ገራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎረንስ አርክቴክት ለጎንደር ማስተር ፕላን አወጣ፤ የጣሊያን ሰፈር ለብቻ፣ የአገሬው ሰፈር ለብቻ ተብሎ የተለየበት ፕላን። ፒያሳውን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውን፣ ጠርዛቸው የተጠማዘዙትን ሕንፃዎች የምናያቸው ከዚያ ዘመን ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ግን ቤቱ ውስጥ ያለው ነው። በጣሊያን ቤት ወጥ ቤቱ ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ዕቃ የሚቀመጥበት ደግሞ በቋንቋቸው ‹‹የግድግዳ ቁም ሳጥን›› የሚሉት ነገር አላቸው። በዘር የተከለለው ሰፈር ለአገሬው ሰው የተዘጋ ነበርና፣ ይሄን ቤት ከውስጥ ያየው አገሬ በአብዛኛው ሊያጸዳ ወይም ሊጠግን የገባው ነው።

ያ የጠገነው ሰው ግን ቃሉን ይዞ ወጣ። አንድ አናጢ ወይም ግንበኛ ጠርታችሁ ስለ ፍሪጁ ሳጥን ስትነጋገሩ ጆሯችሁን አቅኑ። ሞራሌ፣ ኮምፐንሳቶ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ኮርኒስ፣ ሊሾ፣ ላቫንዲኖ። ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ከሰል የምናነድበት ፈርኔሎ እንኳ ከነሱ ነው የመጣው። ወራሪው ተባረረ፤ ልኩና ስሙ አናጢው ኪስ ውስጥ ቀረ። ‹‹ጓዳ››፣ ‹‹መደብ››፣ ‹‹ጎታ››፣ ‹‹ቆጥ›› የሚሉት ቃሎቻችን ግን ወደ አዲሱ ወጥ ቤት አልተሻገሩም። ‹‹ቁም ሳጥን›› ብቻ ተሻገረ፤ እሱም ጥሩ ቃል ነው፤ የቆመ ሳጥን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ እንለፈው። በጁላይ 1975 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። የቀበሌ ቤት የደረሰው ሰው ቤቱ የእሱ አይደለም፤ የእሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ማን ገንዘብ ያፈሳል? ስለዚህ ዕቃ ሁሉ ተንቀሳቃሽ ሆነ። ቡፌ፣ ብፌት፣ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፤ ሁሉም እግር ያለው፣ ‹‹ውጣ›› ሲባል ተሸክመውት የሚወጡት። ዛሬ እንኳ ተከራይ የሆነ ወጣት ፍሪጁን ከግድግዳ ጋር ማሰር የሚፈራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እና ልክ ነው። ለተከራይ የሚሆነውን ዘዴ ለብቻው እነግራችኋለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን መቆም አለብኝ። በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ ብዙ ገበሬ በሕይወቱ መጀመሪያ ያየው ፍሪጅ የሀብታም ሳሎን ውስጥ ያለውን አይመስለኝም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለው ነው። ኢትዮጵያ የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራሟን የጀመረችው በ1980 ነው፤ ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተጠበቀ ይበላሻል። መብራት ላልደረሰበት አገር የተላከው በኬሮሲን የሚሠራ ፍሪጅ ነበር። ነገሩ አስማት ይመስላል፤ እሳት እየነደደ በረዶ መሥራት! ዘዴውን በ1922 የፈለሰፉት ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች፣ ፕላተንና ሙንተርስ ናቸው። ያንን ፍሪጅ ማንም ዳንቴል አላለበሰውም፤ ማንም ካቢኔት ውስጥ አልደበቀውም። ዙሪያው ነፋስ እንዲያገኝ ከግድግዳ ተነጥሎ ይቆማል፤ የሙቀት መጠኑ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በወረቀት ላይ ይመዘገባል። ፍሪጅን እንዴት መያዝ እንዳለብን የሚያውቀው ሰው በአገራችን አንድ ነው፤ የጤና ጣቢያው የክትባት ሠራተኛ።

ወደ ውጭውም ዓለም ብቅ እንበል። ሁሉም ነገር አብሮ የተሠራበትን ወጥ ቤት በሰፊው ያስለመደችው ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ናት። በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ መኖሪያዎች የነደፈችው ወጥ ቤት 1 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ40 ገደማ ነበር፤ ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ቤቶች ውስጥም ገባ። ዓላማዋ ውበት አልነበረም። ሠርታ የምትመለስ ሴት በወጥ ቤት የምትራመደውን እርምጃ መቀነስ ነበር። ለድሃ ተብሎ የተጀመረ ነገር መሆኑን አስተውሉልኝ።

ፍሪጁን ግን በዚያ ዘመን መደበቅ አይታሰብም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1927 ያወጣው ታዋቂ ፍሪጅ ሞተሩንና ማሞቂያ ቱቦውን አናቱ ላይ እንደ አክሊል ተሸክሞ ነበር የሚቆመው። አስቀያሚ ነው፤ ግን ብልህ ነው። ሙቀት ወደ ላይ ይሄዳልና ሳይከለከል ይወጣለታል። ፍሪጅን ከካቢኔት ጋር አስተካክሎ መትከል የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1945 በዊስኮንሲን እንደተመሠረተው ሰብ-ዜሮ ባሉ ኩባንያዎች አማካይነት ነው። እነዚህ የተለዩት በበራቸው ሳይሆን በመተንፈሻቸው ነው፤ ሙቀቱን በፊት ለፊት በኩል እንዲያስወጡ ተደርገው ተሠሩ። ከኋላና ከጎን ቢታፈኑ ግድ የላቸውም።

የእኛ ፍሪጅ ግን ግድ አለው። ጠቅላላው የችግሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ፍሪጅ ብርድ አይፈጥርም፤ ከውስጡ ሙቀት አውጥቶ ወደ ውጭ ይጥላል። ተራው ፍሪጅ የሚጥለው በጀርባው ባለው ጥቁር ቱቦ፣ አዳዲሶቹ ደግሞ በጎንና በጎናቸው ቆርቆሮ በኩል ነው። ጎኑን ዳሰስ አድርጉት፤ ሞቅ ካለ ቱቦው እዚያ ነው ያለው። ይሄን ፍሪጅ አናጢው በኤምዲኤፍ ግጥም አድርጎ ሲያሽገው የጣለውን ሙቀት መልሶ ይጠጣል። ሞተሩ ዕረፍት ያጣል፤ የመብራት ቆጣሪው ይሮጣል፤ በመጨረሻ ኮምፕረሰሩ ይቃጠላል። በርካሽ የተገዛው መልክ ከፍሪጁ በላይ ያስከፍላል ማለት ነው። የጎንደር ግንብ በሲሚንቶ እንደታፈነው መሆኑ ነው።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ወደ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ጎንደር ላይ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ስለዚህ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ክፍተት በትንሹ ያዙት፤ እናንተ ጨመር አድርጉበት።

እንግዲህ አሠራሩ። በመጀመሪያ ግድግዳ አትቅደዱ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ወይም አግሮስቶን ነው፤ የአሮጌው ድንጋይ ቤትም ቢሆን ድንጋዩን የያዘው ጭቃ ነው። ሳጥኑ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ግድግዳው ወደ ሳጥኑ ይምጣ። የፍሪጁ ጥልቀት ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የወጥ ቤት ካቢኔት ደግሞ 60። ዓይን የሚያስቀይመው ይህቺ ልዩነት ናት። ስለዚህ በፍሪጁ ግራና ቀኝ ከወለል እስከ ላይ ሁለት ሰፋ ያሉ ጣውላዎች ወይም የጂፕሰም ግድግዳዎች ይቁሙ፤ ጥልቀታቸው ከፍሪጁ አካል ጋር ይስተካከል፤ በሩ ግን ከፊታቸው ወጥቶ ይቅር። በሩም አብሮ ወደ ውስጥ ከገባ ከ90 ዲግሪ አልፎ አይከፈትም፤ የአትክልቱ መሳቢያም አይወጣላችሁም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ከአናቱ በላይ ትንሽ ቁም ሳጥን ይሠራ፤ ለመሶብና ለዓመት በዓል ዕቃ ይሆናል። ከጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎን እንደዚሁ ሦስት አራት፣ ከአናት 10 ሴንቲ ሜትር ይተው፤ መመሪያ ወረቀቱ ከዚህ በላይ ካለ እሱን ስሙ። ከዚያ ዋናው ነገር፤ አየር ከታች የሚገባበት ከላይ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር። የላይኛው ቁም ሳጥን ከጀርባው ግድግዳ ትንሽ ይራቅና ሙቀቱ በዚያ እንደ ጭስ ማውጫ ይውጣ። ከታች የሚያምር የላሜራ ወንፊት ይበቃዋል። ሶኬቱን ከፍሪጁ ጀርባ ሳይሆን ከጎን ባለው ካቢኔት ውስጥ አድርጉት፤ መብራት ሲወጣና ሲገባ ቶሎ የምትነቅሉበት፣ ስታብላይዘሩንም የምታዩበት። ምጣዱ ከፍሪጁ አጠገብ አይሁን። ቺፑድ ከገዛችሁ እግሩ ወለል አይንካ፤ ውኃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል።

ከዚህም የሚረክስ አለ። የአሮጌው ቡፌ! ያንን ከበድ ያለ የእናቶቻችንን ቡፌ በርካሽ ከመሸጥ ለአናጢ ስጡት፤ ጎኑ የፍሪጁ ጎን፣ በሩ የላይኛው ቁም ሳጥን በር ይሆናል። እንጨቱ ዋንza ከሆነማ ዛሬ የሚሸጠው ኤምዲኤፍ አይደርስበትም። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ጣውላዎቹን ግድግዳው ላይ ሳይሆን እርስ በርሳቸው በብሎን እሰሯቸው፤ ፈታታችሁ የምትጭኑት ይሁን። በሩን ከካቢኔቱ ጋር በሚመሳሰል ተለጣፊ ወረቀት መሸፈን ይቻላል፤ የበሩን ላስቲክና የጎኑን ቆርቆሮ ግን አትሸፍኑ።

መብራት ሲጠፋ የምትጠይቁትን ደግሞ አስቀድሜ ልመልስ። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ጥቅጥቅ ብሎ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24። ሳጥን ውስጥ ስለገባ ብቻ ይህ ብዙም አይጨምርለትም። ለረጅም መጥፋት ቋንጣና ንጥር ቅቤ ናቸው መድኃኒቱ።

ስለ መደበቅ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። ጓዳ ሁልጊዜ የሚደበቅ ነገር ነበር፤ ጓዳ ውስጥ ያለው ሰውም አብሮ ይደበቅ ነበር። አዲስ በሚያምሩት ወጥ ቤቶች ውስጥ ፍሪጁ ቦታ ተለክቶ፣ መተንፈሻ ተሰልቶ ሲሠራለት፣ የቤት ሠራተኛዋ ግን እዚያው ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግታ የምታድርበት ቤት አለ። ለማሽኑ 5 ሴንቲ ሜትር አየር የሚጨነቅ ባለቤት ለሷ መስኮት አስቦ እንደሆነ አናጢውን ጠይቁት።

በመጨረሻ ለደባርቅና ለጃናሞራ ወዳጆቻችን። ፍሪጅ ስትገዙ ውስጡ ወይም ጀርባው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ‹‹የአየር ንብረት ክፍል›› የሚለውን ፈልጉ። ‹‹ኤን›› የሚለው ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ‹‹ኤስኤን›› የሚለው ከ10 ጀምሮ ይሠራል። የደባርቅ ሌሊት ከዚያ ሲወርድ፣ አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ፍሪጅ ‹‹በቂ ቀዝቅዣለሁ›› ብሎ ይተኛል፤ ላይኛው ፍሪዘር ውስጥ ያለው ሥጋም ይቀልጣል። ብርድ በዝቶበት ሥጋ የሚያቀልጥ ማሽን! ‹‹ኤስኤን›› ካጣችሁ ፍሪጁን ከውጭው ግድግዳ አርቃችሁ ምድጃው ወደሚያሞቀው ክፍል በኩል አቁሙት፤ ቅቤውን ግን መስኮቱ ላይ ተዉት፤ እስኪነጋ ምንም አይሆንም።